ለመርከብ ጉዞ የሚጠየቅ የጤና ምስክር

ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ልብሱ፣ ስለ ገንዘቡና ስለሚያየው አዲስ ነገር ነው። ስለ ጤናው የሚያስበው ግን ወይ ታሞ ሲተኛ፣ ወይም በወደብ የቆመ ሹም «የጤናዎ ምስክር የት አለ?» ብሎ ሲጠይቀው ነው። እኛም ከዚህ ልማድ ውጭ አልነበርንም። በ2014 ዓ.ም. በግንቦት ወር በኢጣልያ አገር የደረሰብንን ነገር ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ለመጻፍ የተነሣነው፣ ስሕተታችን ለሌላው ትምህርት ሊሆን ይችላል ብለን ነው እንጂ፣ ባሕር ማዶ ሄደን መምጣታችንን ለማውራት አይደለም።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ከባለቤታችን ጋራ ከተጋባን 40 ዓመት ስለ ሞላን፣ በሚላኖ ከተማ ተቀምጣ የምትሠራው ልጃችን ከባሏ ጋራ ተማክራ፣ የ7 ቀን የባሕር ሽርሽር ስጦታ አዘጋጀችልን። መርከቢቱ ለቬኔስያ ከተማ ቅርብ ከሆነው ከማርጌራ ወደብ ተነሥታ፣ በአድርያቲክ ባሕር ወደ ክሮኤሽያና ወደ ግሪክ አገር ወርዳ የምትመለስ ነበረች። የመነሻው ቀን እሑድ ግንቦት 14፣ የመሳፈሪያው ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ተብሎ ተወስኖልን ነበረ። አብረውን የሚጓዙት ልጃችንና ባሏ፣ ከነርሱም ጋራ የባሏ እናት ነበሩ።

እኒህ ወይዘሮ ከ6 ዓመት በፊት ኩላሊታቸው ታሞ፣ በሌላ ሰው ኩላሊት የተተካላቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሕክምና የተደረገለት ሰው፣ ሰውነቱ ባዕዱን ሥጋ እንዳይጥለው በየቀኑ መድኃኒት ይወስዳል። መድኃኒቱ የተተካውን ኩላሊት ሲጠብቅ፣ የሰውነትን በሽታ የመከላከል ኃይል ደግሞ ያደክማል። ስለዚህ ለሌላው ሰው ጉንፋን መስሎ የሚያልፈው በሽታ ለእንዲህ ያለው ሰው እጅግ ከባድ ሊሆን ይችላል፤ የኮቪድ ክትባትም እንደ ሌላው ሰው አይጠነክርለትም። ወይዘሮዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት ብዙ ሳይወጡ ከኖሩ በኋላ ለዚህ ጉዞ እሺ ያሉት፣ በመርከቢቱ የሚሳፈር ሰው ሁሉ ሳይመረመር እንደማይገባ ከሐኪማቸው ጋራ ሁነው ጠይቀው ከተረዱ በኋላ ነው። ይህነን ልጃችን ከአዲስ አበባ ሳንነሣ ነግራን ነበረ። ሰምተናል፤ ግን በጆሯችን ብቻ ነበረ የሰማነው።

የመርከቡ ኩባንያ የሚጠይቃቸው ነገሮች አራት ነበሩ። አንደኛው ፓስፖርት ከነቪዛው ነው። ሁለተኛው ክትባት የተፈጸመበት የምስክር ወረቀት ነው። ሦስተኛው ከመሳፈሪያው ሰዓት በፊት ባለው በ48 ሰዓት ውስጥ የተደረገ የምርመራ ውጤት ነው፤ ይኸውም ሰው በቤቱ ለብቻው ያደረገው ሳይሆን፣ በሕክምና ባለሙያ ፊት የተደረገና በወረቀት የተመሰከረ መሆን አለበት። አራተኛው ተሳፋሪው በራሱ እጅ የሚሞላው የጤና መጠይቅ ነው፤ ትኩሳት፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የማሽተት መጥፋት አለ ወይም የለም ብሎ በእውነት መመለስ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ሁሉ ጥያቄ ቅር አሰኘን። በሥራ ዘመናችን የሰውን ወረቀት ስንመረምርና ማኅተም ስናደርግ የኖርን ሰው ነን፤ አንድ ፊርማ ጎደለ ብለን ስንቱን ባለጉዳይ «ሂድና አሟልተህ ተመለስ» ብለን ሰደናል! አሁን ግን ተራው የእኛ ሁኖ፣ ሽበታችንንና ማዕርጋችንን የማያውቅ አንድ ኩባንያ አፍንጫችንን ካልመረመርሁ አላስገባም ሲለን እንደ ውርደት ቈጠርነው። ባለቤታችን ግን «ከቤት ሳንወጣ ቢጫ ካርዳችንን ስንይዝ ያላፈርን፣ ስለዚህኛው ለምን እናፍራለን?» አለችን። ስለ ቢጫ ወባ ክትባት የሚመሰክረውን ካርድ ማለቷ ነው። መልስ አልነበረንም።

ማክሰኞ ግንቦት 9 ቀን ሮማ ደረስን። በዚያም በአንድ የቀድሞ ወዳጃችን ቤት ሁለት ሌሊት አድረን፣ ኀሙስ ግንቦት 11 ቀን በባቡር ወደ ሜስትሬ ሄድን። ሜስትሬ ከቬኔስያ ወዲህ በየብስ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ልጃችን በዚያ ሁለት ክፍል ያለው ትንሽ ቤት ተከራይታልን ነበረ። እርሷና ቤተ ሰቧ ቅዳሜ ማታ ከሚላኖ መጥተው፣ አብረን ራት በልተን፣ በማግሥቱ ወደ ወደቡ እንድንሄድ ተቀጣጥረናል።

በባቡሩ ውስጥ ሳለን ጉሮሯችን ይከረክር ጀመር፤ ወደ ማታም ትንሽ ትንሽ አሳለን። «የባቡሩ ነፋስ ነው» አልን። ለማንኛውም ብለን ከመድኃኒት ቤት በቤት የሚደረገውን ፈጣን ምርመራ ገዝተን መጥተን ሞከርነው። የታየው አንድ መስመር ብቻ ነበረ፤ ይኸውም በሽታ አልተገኘም ማለት ነው። ይህነን ስናይ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በሮማ ላለው ወዳጃችን በቴሌፎን ብንነግረው፣ እርሱም ለእኛ አስቦ፣ «እንግዲህ ጊዜ አያጥፉ፤ 48 ሰዓቱ እንደ ተከፈተ ነገ ሄደው ይመርመሩና ወረቀቱን ይያዙ። ትኩሳት ቢመጣ ፓራሲታሞል ይዋጡበት፤ በወደቡ የሚለኩት ግንባርን ነው። ስለ ሳሉ ግን ለማንም አይናገሩ» ብሎ መከረን።

ምክሩ ጣፈጠን። የዚያኑ ሌሊት የኩባንያውን መጠይቅ በቴሌፎናችን ከፍተን መሙላት ጀመርን። «ሳል አለብዎን?» ከሚለው ላይ ስንደርስ ጣታችን ጥቂት ቆመ። ከዚያ በኋላ «የለም» የሚለውን ነካነው። በዚያን ጊዜ በልባችን የነበረውን ሳንደብቅ እንጽፋለን። ልጃችን ከደመወዟ እየቈጠበች ያወጣችውን ገንዘብ አሰብን። በአዲስ አበባ የነገርናቸውን ወዳጆቻችንን፣ «ባሕሩ እንዴት ነበረ?» ብለው ሲጠይቁን የምንመልሰውን አሰብን። በወደብ ላይ በሰው ፊት ተመልሰን ስንሄድ የሚሰማንን ኀፍረት አሰብን። ያላሰብናቸው ኩላሊታቸው የተተካላቸውን ወይዘሮ ብቻ ነበረ።

ዓርብ ጧት ቁርስ ስንበላ ባለቤታችን እንጀራዋን እንደሚያስቀምጥ ሰው ዳቦውን አስቀምጣ፣ በጸጥታ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ መጠይቁን ሞሉትን?»

«ሞልተነዋል» አልናት።

«ሳል አለ ብለዋል?»

«ምርመራው ንጹሕ ነው ብሏል እኮ።»

«ወረቀቱ የሚጠይቅዎ ምርመራው ያለውን ብቻ አይደለም፤ ያስልዎታል ወይ ብሎም ነው። ሌሊቱን ሲያስሉ ማደርዎን እኔ ሰምቻለሁ። ነገ ማታ እትዬን አቅፈው ሊስሟቸው ነው?»

ይህነን ብላ ዝም አለች። እኛም ዝም አልን። በ40 ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተከራክረናል፤ እንደዚያ ቀን ግን የምንመልሰው ቃል ጠፍቶን አያውቅም። ቴሌፎኑን አንሥተን መጠይቁን እንደገና ከፈትንና «አለ» ብለን አረምነው።

ከቀኑ በ9 ሰዓት አረንጓዴ መስቀል ወደ ተሰቀለበት መድኃኒት ቤት ሁለታችንም ሄድን። በደጃፉ ትንሽ ድንኳን ተተክሎ፣ አንዲት ወጣት ባለሙያ ሰዉን በተራ ትመረምር ነበረ። ጥቂት ኢጣልያንኛ ስለምንችል፣ ሳል ከትናንት ጀምሮ እንደ ያዘን ሳንደብቅ ነገርናት። አመሰገነችን፤ ጫፉ ጥጥ ያለበትን ቀጭን እንጨት በሁለቱም አፍንጫችን አግብታ አዟዟረችው፤ ከፈሳሹ ጋራ በጥብጣ በትንሹ ሰሌዳ ላይ ጥቂት ጠብታ አንጠባጠበችና 15 ደቂቃ እንድንጠብቅ ነገረችን። ለያንዳንዳችን 15 ዩሮ ከፈልን።

የባለቤታችን ሰሌዳ አንድ መስመር አሳየ። የእኛ ግን ሁለት መስመር አሳየ፤ ሁለተኛውም ደብዛዛ ሳይሆን ወፍራምና የጎላ ነበረ። «በትናንትናው ማታ እኮ ንጹሕ ነበርን» ብንላት፣ ባለሙያዋ በትዕግሥት አስረዳችን። ፈጣኑ ምርመራ በአፍንጫ ውስጥ ያለውን የቫይረስ አካል የሚፈልግ ስለ ሆነ፣ በሽታው በጀመረበት በመጀመሪያው ቀን ቫይረሱ ገና ጥቂት ሲሆን ሊያመልጠው ይችላል፤ ሲበዛ ግን ያገኘዋል። በላቦራቶሪ የሚደረገው ፒ.ሲ.አር. የሚባለው ምርመራ ጥቂቱንም አብዝቶ ስለሚያይ ቀድሞ ይይዘዋል፤ ነገር ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ሰውየውም ከዳነና ማስተላለፉን ከተወ በኋላ ለብዙ ቀን «በሽታ አለ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ንጹሕ የሚል ወረቀት የዚያችን ሰዓት ምስክር ነው እንጂ የነገ ዋስ አይደለም፤ ኩባንያዎቹም ጊዜውን በሰዓት የሚወስኑትና የሕመም ምልክት መኖሩን ለብቻው የሚጠይቁት ስለዚሁ ነው። ያን ጊዜ ነበረ የመጠይቁ ትርጕም የገባን። መሣሪያው ያላየውን እንዲናገር ለሰውየው ኅሊና የተተወ ቦታ ኑሯል።

ባለሙያዋ ውጤቱን ለአገሩ የጤና መሥሪያ ቤት አስታወቀች፤ የክትባታችንን ወረቀት አይታም 7 ቀን ከሰው ተለይተን እንድንቀመጥና ከዚያ በኋላ እንደገና እንድንመረመር ነገረችን። በኩባንያው ደንብ ከታመመው ሰው ጋራ በአንድ ክፍል የሚሳፈር ሰውም ስለማይገባ፣ ባለቤታችንም ንጹሕ ሁና ሳለ ጉዞው ቀረባት።

ለልጃችን መንገር ከባድ ነበረ። በቴሌፎን ስንነግራት በመጀመሪያ ዝም አለች፤ ቀጥላም አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ግን ድምፅዋን አስተካክላ፣ «አባባ፣ ዛሬ ባይነግሩኝ ኑሮ ነገ ማታ ሁላችንም ባንድ ገበታ ነበርን» አለችን። እንዲቀሩ አልፈቀድንም፤ ሦስቱ ከእኛ ጋራ ሳይገናኙ በሌላ ሆቴል አድረው፣ እነርሱም ተመርምረው ንጹሕ ሁነው በመገኘታቸው እሑድ ዕለት ተሳፈሩ። ልጃችን አስቀድማ ኢንሹራንስ ገብታ ስለ ነበረ፣ ከሁለታችን ገንዘብ ትልቁ ክፍል በኋላ ተመለሰላት።

እንግዲህ 7ቱን ቀን አንዱን ክፍል ለእኛ፣ አንዱን ለባለቤታችን አድርገን ተቀመጥን። ምግቡን ከደጃፉ ታኖርልናለች፤ እኛም አፋችንን ሸፍነን እናነሣለን። በመካከላችን ባለው ግድግዳ እየተነጋገርን ዋልን። ትኩሳቱ ሁለት ቀን ጠንክሮ በሦስተኛው በረደ። ከዚያ በኋላ ሥራ ስለ ፈታን፣ ስለ ባሕር ጉዞና ስለ በሽታ የተጻፈውን ታሪክ ማንበብ ጀመርን።

ያለንበት አገር ለዚህ ታሪክ ትክክለኛው ስፍራ ነበረ። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1377 ዓመት፣ ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው የራጉዛ ከተማ ሸንጎ፣ የቸነፈር በሽታ ካለበት አገር የሚመጣ ሰው ወደ ከተማው ሳይገባ አንድ ወር በመርካን ደሴት ወይም በጻቭታት እንዲቀመጥ ሕግ አወጣ። ቬኔስያም በ1423 ዓመት በአንድ ትንሽ ደሴት ላይ ለቸነፈር በሽተኞች የሚሆን ቤት አቋቋመች፤ ይህም ዛሬ የቀድሞው ላዛሬቶ ይባላል። ቈይቶ የመለያው ጊዜ 40 ቀን ሆነ፤ 40 በኢጣልያንኛ ኳራንታ ስለሚባል፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ኳራንቲን የሚለው ቃል ከዚህ ተወለደ። የዚያ ዘመን መርከበኛ መልሕቁን ጥሎ፣ ከተማውን በዓይኑ እያየ፣ 40 ቀን ይጠብቅ ነበረ፤ በውስጡ ያለውን በሽታ የሚያይበት መሣሪያ አልነበረምና። ለእኛ ግን ዕውቀት 40ውን ቀን ወደ 15 ደቂቃ አሳጠረልን፤ እኛም 15ቱን ደቂቃ አጉረመረምንበት።

መርከብ ከሌላው ቤት ተለይታ እንዲህ የምትጠበቅበት ምክንያትም አለ። ሺሕ ሰዎች በአንድ ጣራ ሥር ይበላሉ፤ በአንድ መተላለፊያ ይተላለፋሉ፤ ሌሊቱን በተጠጋጉ ክፍሎች ያድራሉ፤ ባሕር ላይ ሁነውም መውጫ የላቸውም፤ ያለው ሐኪም ቤትም ትንሽ ነው። በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር ዳይመንድ ፕሪንሰስ የምትባለው መርከብ ወደ ጃፓን አገር ወደ ዮኮሃማ ወደብ በመጣች ጊዜ በውስጧ 3,711 ሰዎች ነበሩ። አስቀድሞ ከወረደ ከአንድ መንገደኛ ላይ በሽታው መገኘቱ ተሰማ፤ መንገደኞቹም በየክፍላቸው ተዘግተው እንዲቀመጡ ተደረገ፤ ነገር ግን ነገሩ ሲያልቅ በበሽታው ከ700 በላይ ሰዎች ተይዘው ተገኙ፤ ከነርሱም የሞቱ ነበሩ። ከዚህ በኋላ በዓለም ሁሉ ያሉ የሽርሽር መርከቦች ቆሙ። በነሐሴ ወር 2012 ዓ.ም. ከጄኖቫ ወደብ አንዲት ትልቅ መርከብ እንደገና ስትነሣ፣ ተሳፋሪው ሁሉ በደጃፍ ተመርምሮ ነበረ የገባ። እንግዲህ እኛ እንደ ውርደት የቈጠርነው ምርመራ፣ ባሕሩን እንደገና ለሰው የከፈተ ቁልፍ ኑሯል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር የገባው፣ የኅዳር በሽታ የሚባለው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ ብዙ ሰው እንደ ፈጀ ሁላችንም ከአባቶቻችን ሰምተናል፤ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቈሻሻ ሰብስቦ ማቃጠሉ መታሰቢያው ነው። ያን ጊዜ ልጅ የነበሩት አያታችን፣ «በሽታ የራሱ እግር የለውም፤ በሰው እግር ነው የሚሄድ» ይሉን ነበረ። በሜስትሬ ክፍላችን ተዘግተን ሳለን ይህ ቃላቸው ትዝ አለን። በዚያ ሳምንት የበሽታው እግር ልንሆን የነበርነው እኛ ነበርን።

ረቡዕ ዕለት ልጃችን ከዱብሮቭኒክ ሥዕል ላከችልን። በፕሎቼ በር አጠገብ ያለው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የመንገደኞች መለያ ቤት ዛሬም በባሕሩ ዳር ቆሟል። በፊቱ የቆሙት አማቷ ነበሩ፤ ሰፊ ባርኔጣ አድርገው፣ አፋቸውን ሸፍነው፣ እጃቸውን ወደ እኛ ያወዛውዙ ነበረ።

ዓርብ ግንቦት 19 ቀን እንደገና ስንመረመር ንጹሕ ሁነን ተገኘን። በማግሥቱ ከባለቤታችን ጋራ በጀልባ ወደ ሊዶ ደሴት ተሻገርን። ከሊዶ ዳር ሁኖ ለሚመለከት ሰው የቀድሞው ላዛሬቶ በጠባብ ውሃ ብቻ ተለይቶ ቅርብ ሁኖ ይታያል፤ ጸጥ ያለ የጡብ ቅጥርና ጥቂት ዛፎች ናቸው። ባለቤታችን ብዙ ካየችው በኋላ፣ «የ40ኛ ዓመታችን ሽርሽር ይኸው የ40 ቀን ቤት ሆነ» አለች፤ ሁለታችንም ሳቅን። በቴምር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ያመጣችውን ዳቦና ዐይብ በላን። ከሳምንት በኋላ በአንድ ገበታ የቀረብንበት የመጀመሪያው ምሳ ነበረ።

እሑድ ግንቦት 21 ቀን መርከቢቱ ስትመለስ በወደቡ ቆመን ተቀበልናቸው። ወይዘሮዋን ከሩቅ እጅ ነሣን እንጂ ለመሳም አልደፈርንም። እርሳቸው ግን ቀርበው፣ «ልጅዎ ሁሉን ነገረችኝ። እኔ እኮ በመርከቡ ላይ በበላሁበት ገበታ ሁሉ፣ ከጎኔ የተቀመጠውን የማላውቀውን ሰው ወረቀት አምኜ ነው የተቀመጥሁ። የእርስዎም ወረቀት እውነተኛ በመሆኑ እግዜር ይስጥልኝ» አሉን። በመጀመሪያው ሌሊት ምን ብለን መልሰን እንደ ነበረ አያውቁም ነበረ። እኛም በዚያው በወደቡ ላይ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው አዩንና፣ «አርመውታል፤ እርሱ ይበቃል» አሉ።

ይህ ከሆነ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የዓለም የጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ መሆኑ እንደ ቀረ አስታወቀ፤ ከመሳፈር በፊት መመርመርንም ብዙዎቹ የመርከብ ኩባንያዎች ትተውታል። ነገር ግን የጤና ጥያቄ ጨርሶ አልቀረም፤ ወደ አንዳንድ አገር የሚሄደው መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ትውከትና ተቅማጥ፣ ወይም ትኩሳትና ሳል ያለበትም ሰው ሳይሳፈር እንዲያስታውቅ ይፈለጋል። ስለዚህ ወደ ባሕር ጉዞ ለሚነሡ አንባቢዎቻችን ከደረሰብን የተማርነውን በአጭሩ እናመለክታለን።

አስቀድሞ፣ ትኬት ከመቈረጥ በፊት ኩባንያውና መርከቢቱ የምትደርስባቸው አገሮች ሁሉ የሚጠይቁትን የጤና ወረቀት አንድ በአንድ ጠይቆ መረዳት፣ መነሻው ሲቀርብም ዳግመኛ መጠየቅ ይገባል፤ ደንቡ በየጊዜው ይለወጣልና። ሁለተኛ፣ ምርመራ የሚጠየቅ እንደ ሆነ የሚቈጠረው ከመሳፈሪያው ሰዓት ወደ ኋላ ስለ ሆነ፣ ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ማስላትና በሚመረመሩበት ከተማ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ መገኘት መልካም ነው። ሦስተኛ፣ ከመንገድ የሚያስቀር ሕመም ቢመጣ ገንዘቡን የሚመልስ ኢንሹራንስ መግባት ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ ይጠፋል ብሎ የሚፈራ ሰው እውነቱን ለመናገር ይቸገራልና። አራተኛ፣ በዕድሜ የገፋ ወይም የታመመ ሰው በጉዞው ካለ፣ በአንድ ገበታ ከመቀመጥ በፊት ሁሉም ስለ ጤናው በግልጥ ይነጋገር።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የወረቀት ነገር አይደለም። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። ይህ ቃል ስለ ራሱ ስለ በሽተኛው የተነገረ ነው፤ በመርከብ ላይ ግን የአንዱ መደበቅ መድኃኒት የሚያሳጣው ሌላውን ነው። ስማችንን ጽፈን «ሳል የለብኝም» ብለን ስንፈርም ቃል የምንሰጠው ለኩባንያው ብቻ አይመስላችሁ። ቃሉን የምንሰጠው በማናውቀው ክፍል ውስጥ ላለች፣ መድኃኒቷን ቈጥራ ለያዘች፣ እኛን አምና ለተሳፈረች ለአንዲት እናት ነው።